ኩበት፣ ፍግና ኮምፖስት፦ በመቅደላ ዙሪያ የሚባለውና እውነታው

በበጋ ወራት ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው ሁለት ነገር ዓይኑን ይይዘዋል። አንደኛው ዛፍ እምብዛም የማይታይበት ሰፊ የገብስና የስንዴ መሬት ነው። ሁለተኛው በየቤቱ ጥግ ተከምሮ፣ ላዩ በእበት ተለስኖ ክረምትን የሚጠብቀው ኩበት ነው። ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ሳይንት፣ ተንታ፣ መቅደላ፣ የትም ቢኬድ የደጋው መልክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ አፈሩን በሚያጥቡት በዚህ ከፍታ የመሬቱ ጉልበት ከዓመት ዓመት ይሳሳል። የጆንያው ማዳበሪያ ዋጋ ደግሞ በተለይ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ከብዙ ገበሬ አቅም በላይ ሆኗል። ስለዚህ ስለ ተፈጥሮ ማዳበሪያ የሚነገረው በዝቷል። ከሚነገረው ውስጥ እውነት የሆነው ብዙ ነው። ያልሆነው ደግሞ ወይ ገበሬውን ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል፣ ወይ የማይፈጸም ተስፋ ይሰጠዋል። ሁለቱም ስለሚጎዱት ለይቶ መነጋገር ያስፈልጋል።

«ኩበት የሚያነድ ገበሬ የፍግን ጥቅም ስላላወቀ ነው»

ከሁሉም የቆየውና ከሁሉም የተሳሳተው አባባል ይህ ነው። የወሎ ገበሬ ፍግ መሬት እንደሚያፋፋ የተማረው ከማንም አይደለም። ማስረጃው ከቤቱ ጀርባ አለ። የጓሮው መሬት በበረት ጥራጊ፣ በአመድና በቤት ጉድፍ ጠቁሮና ለስልሶ፣ ጎመኑም ድንቹም ገብሱም ከራቀው ማሳ ጋር በማይወዳደር ሁኔታ ይበቅልበታል። ከጓሮው አልፎ ሲኬድ አፈሩ እየነጣ፣ ቡቃያው እያጠረ ይመጣል። ገበሬው ይህን ልዩነት በየቀኑ ያየዋል።

ኩበት የሚነደው ሌላ የሚነድ ነገር ስለሌለ ነው። ደኑ ከተመነጠረ ትውልድ አልፏል፤ በቦረና እንደ ደንቆሮ ያለ የተጠበቀ ደን ቢቀርም በቀረው ደጋ ያለው ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ለቤት ሥራና ለሽያጭ ይፈለጋል። እንጀራ ግን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይጋገራል። ውርጩ በሚበረታባቸው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆኑ ቦታዎች ሌሊቱን የሚያሞቀውም ያው ምድጃ ነው። ስለዚህ እበትን የሚሻማው የጆንያው ማዳበሪያ አይደለም፤ ምድጃው ነው። ስለ ኮምፖስት የሚደረግ ንግግር ሁሉ ከዚህ ካልጀመረ ገበሬው ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ይቀራል።

ሥራው በማን እጅ እንዳለም ማየት ይገባል። ጠዋት ከበረት የሚወጣው እርጥብ እበት በእጅ ይታሻል፤ ሲደርቅ እንዳይፈረካከስ ጭድ ወይም ገለባ ይገባበታል። ከዚያ በመዳፍ እየተጠፈጠፈ በድንጋይ ካብ ላይ ወይም በደረቅ መሬት ይለጠፋል። ጥቂት ቀን ፀሐይ ሲመታው ይገለበጣል። ሁለቱም ገጽ ሲደርቅ እርስ በርሱ ተደግፎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ነፋሱ መሐሉን ያደርቀዋል። በመጨረሻ ተከምሮ ክምሩ በእበትና በጭቃ ይለሰናል፤ የክረምት ማገዶ እርሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአብዛኛው እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው። የተረፈው ገበያ ይወጣል፤ ለጨው፣ ለዘይትና ለልጅ ደብተር የሚሆን ብር የሚገኘው ከእርሱ ነው። እንግዲህ «እበቱን ለኮምፖስት አውሉት» የሚለው ምክር በስብሰባ ለአባወራው ብቻ ሲነገር የሚነገረው እበቱን ለማያዝዝበት ሰው ነው። ምክሩ ለዓመታት ተደጋግሞ ፍሬው ለምን እንዳነሰ ሲጠየቅ እኔ ከሁሉ በፊት የማነሣው ይህንን ነው።

ታዲያ መውጫ የለም ማለት አይደለም። ኩበት የበጋ ሥራ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም የሚጣለው እበት በዝናቡ ምክንያት አይደርቅም፤ ኩበት ሊሆን አይችልም። በብዙ ቤት ይህ የክረምት እበት በበረቱ ውስጥ ይረገጣል፣ ከጭቃው ጋር ይለወሳል፣ ጎርፍም ይወስደዋል። ከምድጃው ጋር ሳይጣሉ ለማሳ ማግኘት የሚቻለው ትልቁ ድርሻ እርሱ ነው። ማንም እናት የምታነደውን አትቀማም። ከዚህ ሌላ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። በአንድ ቤት የገባ እንዲህ ያለ ምድጃ ለማሳው ፍግ እንደ መግዛት ይቆጠራል። የግብርና ጽሕፈት ቤቱና የኢነርጂ ባለሙያው በየፊናቸው የሚሠሩት ሥራ ገበሬው ቤት ሲደርስ አንድ ሥራ ነው።

«ተነድዶም ቢሆን አመዱን ከበተንነው ያው ነው»

ያው አይደለም። እበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ወደ አየር ይወጣል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውኃ የሚያስይዘው ብስባሽ አካልም ይቃጠላል። አመዱ ውስጥ የሚቀሩት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና የመሳሰሉት ማዕድናት ናቸው። እነሱም ቀላል አይደሉም፤ በዝናብ ብዛት ኮምጣጣ ለሆነ አፈር አመድ የኖራን ሥራ በትንሹም ቢሆን ይሠራል። ስለዚህ አመድ አይጣል፤ ማሳ ይግባ። ቡቃያው ቀጥኖ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ሲያድር ግን መፍትሔው ከአመድ አይገኝም፤ ያ ቢጫነት አብዛኛውን ጊዜ የናይትሮጅን ጥማት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አመድን ከትኩስ እበትና ከሽንት ጋር አብዝቶ መለወስ ናይትሮጅኑን በአሞኒያ መልክ ያባርረዋል። በኮምፖስት ንብርብር ላይ በእፍኝ መነስነስ ጥሩ ነው፤ በጆንያ መገልበጥ ግን ጉዳት ነው።

«ኮምፖስት ካለ ማዳበሪያ አያስፈልግም»፣ «ማዳበሪያ ካለ ኮምፖስት ምን ያደርጋል»

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም የሚያሳስቱት በአንድ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሩን አያዩም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። 1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። አንድ የአገር ከብት በቀን የሚጥለው እበት በደረቁ ሲመዘን ወደ 2 ኪሎ ይሆናል። 4 ከብት ያለው ቤት በዓመት ወደ 29 ኩንታል ደረቅ እበት አለው ማለት ነው። ከብቱ ግን ቀኑን በግጦሽ ላይ ይውላል፤ በረት ውስጥ የሚቀረው ግማሽ ገደማ ነው እንበል። ከዚህ 15 ኩንታል ውስጥ ያለው ናይትሮጅን፣ አንድም ሳይነድና ሳይታጠብ ቢሰበሰብ፣ በ1 ኩንታል ዩሪያ ካለው ግማሹን ቢያህል ነው። እርሱም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ቀስ እያለ በሚቀጥሉት ዓመታት ይለቀቃል። በአገራችን ለኮምፖስት ብዙ ጊዜ የሚመከረው በሄክታር ከ8 እስከ 10 ቶን ነው። ይህን ያህል ኮምፖስት ለመላው መሬቱ የሚያዘጋጅ ቤት በመቅደላ ዙሪያ ማግኘት ያስቸግራል። የተዘጋጀውንም በተዳፋት ላይ በአህያና በጀርባ ወደ ራቀ ማሳ ማድረስ ሌላ ፈተና ነው። ጓሮው እየወፈረ ራቅ ያለው የሚከሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሸክም ነው። መሬቱ የራቀ ሰው ጉድጓዱን ማሳው ዳር ቢቆፍር፣ አረሙንና ቃርሚያውን እዚያው ቢሞላው፣ እበቱን ብቻ ይሸከማል።

በዚህ ስሌት ብቻ የቆመ ሰው «እንግዲያው ልፋቱ ለምን?» ይላል። ቁጥሩ የማያሳየው ሌላ ነገር አለ። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው። በፍግ ውስጥ ግን ፎስፈረሱም፣ ፖታሲየሙም፣ ድኝና ዚንክም አሉ። ከሁሉ በላይ አፈሩን አፈር የሚያሰኘው ብስባሽ አለ፤ ዝናብ ቀድሞ ሲቆም እርጥበት የሚያቆየው፣ ዝናብ ሲበረታ አፈሩ እንዳይሸረሸር የሚያያይዘው እርሱ ነው። በልግ በሚዋዥቅበት በወሎ ደጋ ይህ ጥቅም በኪሎ አይመዘንም።

ከአገራችን የሚጠቀሰው ትልቁ ማስረጃ የትግራዩ ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ያቋቋሙት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በገበሬ ማሳ ላይ ኮምፖስትን አስፋፋ። ከብዙ ማሳዎች የተሰበሰበው ምርት እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ታትሞ ወጣ፤ ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት ጋር ሲነጻጸር በአብዛኛው ሰብል ምርቱን እጥፍ ገደማ አድርሶታል፤ ከጆንያው ማዳበሪያም ብልጫ ያሳየበት ሰብል ብዙ ነው። ይህ ውጤት ብዙ ሰው ስለ ኮምፖስት ያለውን አስተያየት አስቀይሯል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ኮምፖስቱ ብቻውን አልመጣም። በእነዚያ አካባቢዎች እርከን ተሠርቷል፣ ልቅ ግጦሽ ተገድቧል፣ ዛፍና ሣር ተተክሏል። ከብቱ ሲታሰር እበቱ በአንድ ቦታ ተገኘ፤ እርከኑ ሲሠራ የገባው ኮምፖስት በጎርፍ አልሄደም። ከዚያ ውጤት ኮምፖስቱን ብቻ ነጥሎ «በሄክታር ይህን ያህል ይሰጣል» ብሎ ወደ ቦረና ማምጣት ልክ አይሆንም።

ፍግ ለብዙ ዘመን ምን እንደሚሠራ የታየበት አንድ ሌላ ቦታ አለ። በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል የምርምር ጣቢያ በአንድ የገብስ ማሳ ክፍል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1852 እስከ 1871 በየዓመቱ በሄክታር 35 ቶን የበረት ፍግ ይገባ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 3 ዓመት ቀደም ብሎ ተጀምሮ፣ መቅደላ ላይ ካረፉ 3 ዓመት በኋላ ቆመ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ፍግ አልተጨመረም። ሆኖም ምንም ፍግ ካላየው ጎረቤቱ ይልቅ የተሻለ ገብስ መስጠቱን ከመቶ ዓመት በላይ ቀጥሏል። ፍግ የአንድ ዓመት ወጪ ሳይሆን ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ መረጃ እኔ አላውቅም። በዚያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ባለው የስንዴ ማሳ ደግሞ በቅርብ አሥርት ዓመታት ከፍተኛውን ምርት የሰጠው ፍግ ብቻ ወይም የፋብሪካ ማዳበሪያ ብቻ የገባበት አይደለም፤ ፍግም ናይትሮጅንም አብረው የገቡበት ነው።

አንዱን በአንድ ቀን ጥሎ ወደ ሌላው መዝለል ምን እንደሚያስከትል ስሪላንካ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ ታገደ፤ በምትኩ የሚበቃ የተፈጥሮ ማዳበሪያ አልተዘጋጀም ነበር። የሩዝ ምርቱ ክፉኛ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ እገዳው ተነሣ። ጥፋቱ የፍግ አልነበረም፤ ገበሬው የሚፈልገውን መጠን ከየት እንደሚያገኝ ሳይጠየቅ የወጣው ውሳኔ ነበር።

ስለዚህ ፍርዴን ልናገር። በመቅደላና በመካነ ሰላም ዙሪያ ላለ ገበሬ የሚሻለው ያለውን ኮምፖስት በመላው መሬት ላይ መነስነስ ሳይሆን በየዓመቱ አንድ ቁራሽ መሬት መርጦ በደንብ ማጥገብ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላው ማለፍ ነው። በዚያ ማሳ የጆንያውን ማዳበሪያ መጠን መቀነስ ይችላል። ባቄላና ሽምብራ በፈረቃ ከገቡ ናይትሮጅኑን ከአየር ያግዛሉ። ዋጋው የከበደው ማዳበሪያ በዚህ መንገድ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ይቅር ማለት ግን ዛሬ ባለን እበት አይቻልም።

«ፍግ አረም ያመጣል፣ ቡቃያም ያቃጥላል»

ይህን የሚሉ ገበሬዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያልበሰለ ፍግ አረም ያመጣል፤ ብዙ የአረም ፍሬ ከከብት ሆድ አልፎ ሳይሞት ይወጣል። ያልበሰለ ፍግ ሥር ላይ ሲያርፍም ይጎዳል። በጥሬው ለሚበላ አትክልት ከሆነ ደግሞ ለጤናም አያስተማምንም። በኦርጋኒክ ስም ወደ አሜሪካ ለሚሸጥ ምርት የወጣው ደንብ ጥሬ ፍግ አፈር የሚነካ ሰብል ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን ቀድሞ እንዲገባ ያዝዛል።

መፍትሔው ማብሰል ነው፤ ማብሰል ማለት ደግሞ መከመር ማለት አይደለም። ክምር በትክክል ሲሠራ መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል፤ ብዙውን የአረም ፍሬና በሽታ አምጪ የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። በበጋ እርጥበት እንዲያዝ በጉድጓድ፣ በክረምት ውኃ እንዳይተኛበት ከመሬት በላይ ይሠራል። ጉድጓዱ 1 ሜትር ያህል ጥልቀት፣ እስከ 2 ሜትር ስፋት ይበቃዋል። ከታች ቶሎ የማይበሰብስ ወፍራም ገለባና ጭራሮ አየር እንዲያሳልፍ ይነጠፋል። በላዩ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ነገር፣ ቀጥሎ ይህንኑ ያህል ያላፈራ ለምለም አረምና ቅጠል፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እበት፣ ከላይ ጥቂት አፈርና እፍኝ አመድ፤ እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል። ደረቁ ነገር ሲገባ ውኃ ይጠጣል። ጭድ በደጋው የከብት ምግብ ስለሆነ ለኮምፖስት አይሰጥም፤ ከብት ትቶት የቀረው ትራፊ፣ የማሳ አረምና የአጥር ቅጠል ይበቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ባይበዛ ይመረጣል።

መሐሉ ላይ አንድ ረጅም ዱላ ይተከላል፤ የዚህ ሥራ ሁሉ መመዘኛ እርሱ ነው። ከሳምንት በኋላ ይመዘዝና በእጅ ይያዛል። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው እየሄደ ነው። ሞቆ ግን ደርቆ፣ ነጭ ሻጋታ ይዞ ከወጣ ውኃ ተጠምቷል። ቀዝቅዞና ረጥቦ ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ይገለባበጥ፣ ደረቅ ነገርም ይጨመርለት። በወይና ደጋ ከ3 እስከ 4 ወር የሚበቃው በብርዱ ደጋ ከዚያ ሊዘገይ ይችላል፤ ላዩን በሣርና በጭቃ መሸፈን ሙቀቱን ያቆይለታል። የበሰለ ኮምፖስት ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ ነው፤ የእበት ሽታ የለውም፤ ምን ተጨምሮበት እንደነበረ አይለይም። ይህን ያላሟላ ክምር ማሳ ገብቶ አረም ሲያበቅል ስሙ የሚጠፋው የኮምፖስት ነው። በዘመቻ፣ ለሪፖርት በጥድፊያ የተቆፈሩ ጉድጓዶች በየአካባቢው የኮምፖስት ስም ማጥፊያ ሆነው እንደቀሩ ማንም የገጠር ሰው ያውቃል።

ማሳ ላይ ከደረሰ በኋላም ሥራው አላለቀም። ለሳምንት በፀሐይ ተበትኖ የሚሰነብት ኮምፖስት ናይትሮጅኑን ያጣል። የሚበተነው ሊዘራ ሲል ነው፤ ወዲያው በማረሻ ከአፈር ይቀላቀላል።

«ዋናው እበቱ ነው፤ ሽንቱ ይፍሰስ»

ብዙ የተፈጥሮ ማዳበሪያ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከብት ከሚያስወጣው ናይትሮጅን ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ፣ ከፖታሲየሙም አብዛኛው፣ በሽንት ይወጣል። በረት ሲገቡ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አሞኒያ ነው፤ ናይትሮጅኑ እየሄደ መሆኑን የሚናገረው ራሱ ሽታው ነው።

ለመያዝ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም። ከብቱ ሥር የማይበላ ሣርና ገለባ ቢጎዘጎዝ ሽንቱን ይመጥጣል፤ ጠዋት ተጠርጎ በቀጥታ ወደ ኮምፖስቱ ይገባል። ወለሉን በድንጋይ ያነጠፈ ሰው ትንሽ ቦይ ቆርጦ ወደ ተቀበረ እንስራ ወይም ጀሪካን ሊመራው ይችላል። ዕቃው ይከደናል። የተጠራቀመው ሽንት ከ3 እስከ 5 እጅ ውኃ ተቀላቅሎ፣ ቅጠሉን ሳይነካ ሥሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ሳይወጣ ወይም ከገባ በኋላ ለጎመንና ለሽንኩርት ይፈስሳል። ሳይቀጥን ከፈሰሰ ያቃጥላል። ሽንትን ከአመድ ጋር እያደረጉ በሰብል ላይ መርጨት ተባይን ለማባረር በገጠር የሚሠራበት ልማድ ነው፤ ለማዳበሪያነት ከሆነ ግን አመዱ መግባት የለበትም።

«ባዮጋዝ የእበቱን ጉልበት ይጨርሰዋል»

አይጨርሰውም። ጋዙ ሲወጣ የሚሄደው ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፤ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ባዮስለሪ በሚባለው ዝቃጭ ውስጥ ይቀራሉ። እበት ምድጃንም ማሳንም በአንድ ጊዜ የሚያገለግልበት ብቸኛ መንገድ እርሱ ነው። በኔዘርላንዱ የልማት ድርጅት በኤስኤንቪ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከመጀመሪያው አማራን ጨምሮ በ4 ክልሎች ሠርቷል። ለመቅደላ ደጋ የሚመች መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ። እበቱ የሚብላላበት ማብላያ በየቀኑ ከእበቱ እኩል ውኃ ይፈልጋል፤ ብርዱ ሲበረታ ጋዙ ይቀንሳል፤ ግንባታውም ገንዘብ ይጠይቃል። ውኃው ቅርብ ለሆነ፣ ቢያንስ 4 ከብት አስሮ ለሚቀልብ የወይና ደጋ ቤተሰብ ጥሩ ነው።

«የአንድ ላም እበት ለብዙ ሄክታር ይበቃል»፣ «እኛ ድሮም ኦርጋኒክ ነን»

የመጀመሪያው ከሕንድ የመጣ ነው። ሱባሽ ፓሌካር ያስፋፉት ጂቫምሪት የሚባል ውህድ አለ፤ 200 ሊትር ውኃ፣ 10 ኪሎ እበት፣ እስከ 10 ሊትር የላም ሽንት፣ 2 ኪሎ ጥሬ የሸንኮራ ስኳር፣ 2 ኪሎ የጥራጥሬ ዱቄትና እፍኝ አፈር ተቀላቅሎ ለጥቂት ቀን ይብላላና ለ0.4 ሄክታር ይውላል። በአገራችንም የሚሞክሩት አሉ። ውህዱ ለአፈር ሕይወት የሚሰጠው ነገር ሊኖር ይችላል። ናይትሮጅኑ ቢደመር ግን 300 ግራም አይሞላም፤ 20 ኩንታል ገብስ በፍሬው ብቻ ከማሳው ይዞ የሚወጣው ከ30 ኪሎ አያንስም። ደሃ ገበሬ ፍግና ኮምፖስቱን ትቶ በዚህ ቢተማመን መሬቱን ያስርበዋል። የምግብ እህል የሆነውን ዱቄትና ስኳር ለማሳ ማፍሰስም ለወሎ ቤት የሚመከር አይመስለኝም።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። ማዳበሪያ መግዛት ስላልተቻለ ብቻ እርሻው ኦርጋኒክ አይባልም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 ኦርጋኒክ ለሚለው ስም ደንብና የማረጋገጫ ሥርዓት አስቀምጧል። ከአዋጁም በላይ የመሬቱ እውነት አለ፤ በየዓመቱ ፍሬው ለሰው፣ ገለባው ለከብት፣ እበቱ ለምድጃ እየተወሰደበት ምንም የማይመለስለት ማሳ እየተመዘበረ ያለ ማሳ ነው። ኦርጋኒክ እርሻ ማለት ለአፈሩ የሚመልስ እርሻ ነው።

በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ለምሥራቅ አማራ የተቋቋመው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ለዚህ ደጋ አንድ ነገር ቢያደርጉ ውለታቸው ትልቅ ነው፤ በገበሬው ማሳ፣ በገበሬው እበት መጠን፣ ከማዳበሪያው ጋር አጣምረው ለብዙ ዓመት ሳይቋረጥ ገብስና ስንዴ ላይ ይሞክሩ። የአንድ ዓመት ሙከራ ስለ ፍግ የሚናገረው ጥቂት ነው።

የቀበሌ የልማት ጣቢያ ባለሙያዎችን ደግሞ የምለምነው አነስ ያለ ነገር ነው። ሰኔ ሳይገባ ስብሰባ ስትጠሩ እናቶችን አስቀድሙ፤ የክረምቱን እበት የት እናድርገው የሚለውን ጥያቄ ለእነርሱ አቅርቡ፤ የሚሉትንም ጻፉት።